ከሽማግሌዎቹ የቀደመው ኔትወርክ

ይድረስ ለተከበሩ የምዕራብ አዲስ አበባ የኔትወርክ ማሻሻያ ሥራ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየሰፈራችን ያስተከሏቸው ምሰሶዎችም እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎን በስልክ ልጠይቅዎ ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝምና እንደ ድሮው በወረቀት መጥቻለሁ። ወልደሰንበት እባላለሁ፤ ኮልፌ ገበያ ከቦንጋ የሚመጣ ማርና ኮረሪማ የምሸጥ፣ ቤቴል ከባለቤቴ ከሰብሌ ጋር የምኖር፣ የድርጅትዎ የረጅም ዘመን ደንበኛ ነኝ። የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው። ምስጋናው ስለበዛብኝ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርበዋለሁ፤ መሐል ላይ ቁጥሩ ቢጠፋብኝ ይቅርታዎ አይለየኝ።

፩. ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። ኤልቲኢ ወደሚባለው ፈጣን ኔትወርክ ልታሸጋግሩን መሆኑን ያበሰረን መልእክት «ለአጭር ጊዜ መጠነኛ መቆራረጥ ሊያጋጥም ስለሚችል ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይል ነበር። ያ አጭር ጊዜ ክረምቱን ከእኛ ጋር ከርሞ፣ መስቀልንም አብሮን አክብሮ፣ ለገና የተሰናዳ ይመስል ነበር። ይቅርታውን ከወዲሁ መጠየቅዎ ግን በኋላ ከመጠየቅ አድኖዎታልና አርቆ አሳቢነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

፪. ስለ ድንጋዩም አመሰግናለሁ። ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ጫልቱ ደጃፍ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሥራችሁ ከተጀመረ ወዲህ በመንደራችን ኔትወርክ የሚያገኘው እሱ ላይ የቆመ ሰው ብቻ ስለነበር፣ ድንጋዩ የሁላችንም ስልክ ቤት ሆኖ ከረመ። ተራ ይዘን እየቆምን አንዳችን የሌላችንን ጉዳይ ሳንወድ በግድ አወቅን። ሄቨን የምትባለው የሰፈራችን ልጅ እጮኛዋን እዚያው ድንጋይ ላይ ቆማ ስታሰናብተው ሁላችንም ሰምተናል፤ ስትወርድም አይዞሽ ብለናታል። እንዲህ ያለ ጉርብትና በፈጣን ኔትወርክ አይገኝም።

ባለቤቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ድንጋይ ላይ ትወጣና ቦንጋ የሚኖረውን ታናሽ ወንድሟን አማኑን ታናግረው ነበር። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው እሷ ናት። አማኑ ጢሙ የሸበተ የልጆች አባት ነው፤ እሷ ግን «አማኑ፣ በላህ? ይሰማል? በላህ ወይ?» እያለች መንደሩን ታናጋዋለች። መልሱ ሲቆራረጥባት ደግማ ትጠይቀዋለች። መብላቱን ሳታረጋግጥ ከድንጋዩ ወርዳ አታውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ሥራው ወደ መጠናቀቁ ሲቃረብ ይመስለኛል፣ ድንጋዩም ዝም አለ። ከኮልፌ እስከ ቤቴል የሚጮህ ስልክ ጠፋ። እስከ መቼ እንደሆነ የነገረን አልነበረም፤ የምንጠይቅበትም ስልክ እንዲሁ። በዚያ እሁድ ሰብሌ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ደጋግማ ደወለችና መብላቱን ሳታረጋግጥ ወረደች።

፫. ጦር ኃይሎች ላይ ስላሰቀሉት ትልቅ ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ለአንድ ደንበኛዬ ማር ላደርስ ሄጄ ከታክሲ ወርጄ ከሥሩ ስደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነፍስ ዘራ። ቀና ስል አንድ ጥርሱ የሚያበራ ወጣት ስልክ ይዞ ይስቃል፤ ከአጠገቡ «ፍጥነት ደጅዎ ድረስ» ተብሎ ተጽፏል። ያን እያነበብኩ ሳለሁ የሰብሌ አጎት ልጅ ከቦንጋ ደወለልኝ። አማኑ ሞቷል። ድንገት ታሞ ሐኪም ቤት ገብቶ አልተመለሰም። እኛን በስልክ ፈልገው ፈልገው ስላጡን ቀብሩም ከተፈጸመ ሰንብቷል። ክቡርነትዎ፣ ማሩን የት እንዳደረስኩት እስከ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር አልሰጠሁትም።

እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና ወጉን ያውቁታል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሐዘንተኛው እህል ቀምሶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ ሲነጋጋ ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው መጥተው፣ ከበውት ተቀምጠው ይነግሩታል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ እንዲኖር ነው። ሰብሌ ለቀብሩ አልደረሰችም። እኔ ላደርግላት የቀረኝ ነገር መርዶውን በወጉ ማስነገር ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ ቤቴ ከመግባቴ በፊት ከደጅ ደጅ በእግሬ እየዞርኩ የእድራችንን ሰብሳቢ አቶ ጌታሁንን፣ የንስሐ አባታችንንና ወይዘሮ ጫልቱን አነጋገርኩ። ነገ ገና ሲነጋጋ ይመጣሉ፣ በሩን እኔ እከፍታለሁ ተባብለን ተለያየን።

የዚያን ዕለት ሰብሌ እራት አቀረበች። ካልበላሁ ትጠረጥራለች ብዬ በላሁ። «ይሄ ኔትወርክ ይምጣ ብቻ፣ አማኑን ደውዬ ነው የምቆጣው፤ ሰው እንዲህ ይጠፋል?» አለችኝ። መልስ እንዳልሰጣት ጨምሬ ጎረስኩ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ጫማዬን እያሰርኩ ሳለሁ፣ ኔትወርክ ይመጣ እንደሆነ ብላ ሁልጊዜ መስኮት ላይ የምታስቀምጠው ስልኳ ይጮህ ጀመር። እሷ ግቢ ውስጥ ፊቷን ትታጠብ ነበር። «ወልዴ! መጣ! ኔትወርክ መጣ!» እያለች በእርጥብ እጇ እየሮጠች ገባች። እንደዚያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቼ ነበር። እኔም ሮጥኩ፤ አልደረስኩባትም። የእርስዎ ኤልቲኢ በእውነት ፈጣን ነው፤ ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክርለታለሁ።

ቀድሞ የገባው የእናንተው መልእክት ነበር፤ «እንኳን ደስ አለዎ! ከዛሬ ጀምሮ የላቀ ፍጥነት ተጠቃሚ ሆነዋል» ይላል። ከሩቅ ሆነው የሰሙ ዘመዶች፣ ቀብሩ ካለፈ እሷም ሳትሰማ አትቀርም ብለው በየቀኑ ሲጽፉላት ሰንብተዋልና፣ ቀጥሎ የገባው የአክስቷ ልጅ የሌሊሴ ነው፤ «ነፍሱን ይማር፣ አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ሰብሌ ቀና ብላ «ማንን ነው?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ሌላው ገባ፣ ሌላውም ተከተለ፤ የአማኑ ፎቶ ከነሻማው መጣ። ድሮ ፎቶ ልንከፍት ስንል ሲሽከረከር ይውል የነበረው ስልክ ያን ጠዋት የአማኑን ሽበት ሳይቀር ወዲያው ቁልጭ አድርጎ አወጣው። ከሁሉም ወደ ኋላ የገቡት «ከዚህ ቁጥር ተደውሎልዎ ነበር» የሚሉት ናቸው። ቁጥሩ የአማኑ ነው። ሐኪም ቤት ተኝቶ ለእህቱ ሲደውልላት ነበር፤ ደጋግሞ።

አቶ ጌታሁን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሰዎቻቸው ጋር ሲገቡ ሰብሌ መሬት ላይ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ሊነግሯት የመጡት ነገር ቀድሟቸው አገኙትና ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። እሷ ግን እነሱን አላየቻቸውም። እኔን እያየች፣ «አውቀህ ነው እራት የበላኸው?» አለችኝ።

መርዶን ሽማግሌ የሚነግረው ለካ ለዚህም ኖሯል፤ ባል ብቻውን ቆሞ እንዳይጠየቅ። እኔ ግን ብቻዬን ተጠየቅሁ። አሁንም እራት ታቀርብልኛለች፤ አብራኝ ግን አትቀመጥም። ክቡርነትዎ፣ በጣም አዝኛለሁ። ይህን በጨዋ ቃል ሸፋፍኜ ልጽፍልዎ ሞክሬ አቅቶኛል።

ካሳ አልጠይቅዎም፤ ምሰሶዎንም ይንቀሉልን አልልም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲያቋርጡብንም ሲመልሱልንም ቀኑን አስቀድመው ይንገሩን። የሚቋረጥበትን ቀን ባውቅ ኖሮ ሰብሌን ለዚያ ሰሞን ጦር ኃይሎች ማዶ ዘመድ ቤት አስቀምጣት ነበር፤ ሲደውልላት ታነሳ፣ በላህ ወይ ብላም ትጠይቀው ነበር። የሚመለስበትን ቀን ባውቅ ኖሮ ደግሞ ስልኳን ከመስኮቱ ላይ አነሳው ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና የማይቆራረጥ ጤና ይስጥዎ። ክፉ ወሬ ከቤትዎ ይራቅ፤ መምጣቱ ካልቀረም በሽማግሌ ይምጣልዎ።

በሙሉ ኔትወርክ ውስጥ ዝም ባለ ቤት የሚኖር ትሑት ደንበኛዎ፣
ወልደሰንበት
ቤቴል፣ ከወይዘሮ ጫልቱ ድንጋይ አጠገብ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ከመኝታ ቤት እስከ ኩሽና ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ ሰብሌ ግን እሁድ እሁድ አሁንም ድንጋዩ ላይ ትወጣለች። የአማኑን ቁጥር ትደውላለች። ያቺ የእናንተ ትሑት ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም፤ እባክዎ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» ትላታለች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳይቆረጥ ይሰማል። ሰብሌ እስከ ዛሬ እናንተን ታምናለች፤ ትንሽ ቆይታ ትሞክራለች።