የቀኝ ረድፍ ፈረንሳይኛ

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.። የፈረንሳይኛ ፈታኝ ከአዲስ አበባ መጥቷል።

ወንድሜ ያሕያ፣ ሳሙና ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት በሽር የድሬዳዋ ሰው መሆኔን ሲሰማ፣ «እስቲ ልጄን በፈረንሳይኛ ያናግሩልኝ፤ ነገ የቃል ፈተናውን ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ከወደቀች እዚሁ ስኳር ትመዝናለች» አለኝ። ልጁ ቀድሪያ ስሜን፣ ጤናዬን፣ ያገሬን አየር ጥርት ባለ ፈረንሳይኛ ጠየቀችኝ። እኔም በተራዬ ስሟን ጠየቅኋት።

«መመለስ የግራ ረድፍ ሥራ ነው፤ የክፍሌ ልጆች የነፈንታ» አለችኝ በአማርኛ።

መምህራቸው ድሮ ደብተራ ስለነበሩ ክፍሉን እንደ ማሕሌት ቀኝና ግራ ከፍለውታል። ቀኙ እየጠየቀ፣ ግራው እየመለሰ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰዋል።

«አራት ዓመት ሙሉ አንድም አልመለስሽም?» አላት በሽር።

«ተራዬ አልነበረማ፣ አባባ!»

የእኛ አገር ልጅ ብትሆን ባቡር ጣቢያ ወርዳ ከፈረንሳዮቹ ጥያቄውንም መልሱንም ትለቅም ነበር። እዚህ ባቡር የለም።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለሀጀራና ለልጆቹ ናፍቆቴን ንገርልኝ። ይህን የምጽፈው ባንኮኒው ላይ ነው፤ ፈታኙ በሱቁ ደጅ እያለፈ ስለሆነ፣ ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለፈተና እንዲያስገባቸው ልለምነው ሳሙናውን ትቼ ወጣሁ።