ከጸ ወዲያ ያለው ድምፅ

ኅዳር 8፣ ሰኞ ጥዋት

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ። ሊፍቱ ሲበላሽ ስድስት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፣ ሁለቴ አርፌ። ሽሮዬን እሠራለሁ። ሸሚዜን እተኩሳለሁ። አንተንም፣ ደብተሬ፣ እጽፍሃለሁ፣ ቀስ እያልኩ።

ልጄ ሜሮን መጥታ ነበር። የእናቷ የፊደል ዌብሳይት ያለበት ሰርቨር፣ ማስቀመጫው ኮምፒውተር፣ አርብ ይዘጋል። አዲስ ሰርቨር ላይ ገልብጣዋለች። ሰው ሳያየው እኛ እናየዋለን፣ ደህና ከሆነ አድራሻው ወደዚያ ይዞራል። አሮጌ ላፕቶፗን ወረቀት ለጥፋበት ትታልኝ ሄደች። አባዬ፣ አንተ እሺ ካላልክ አላዞረውም አለች። ደስ አለኝ። እሺ በል የሚለኝ ሰው ከቀረ ቆየ።

ባለቤቴ የሺ ለሰፈሩ ልጆች ነበር የቀዳችው። በየፊደሉ አንድ ገጽ፣ አንድ ስዕል፣ ድምጿ። ልጆቹ አደጉ። ከሞተች ወዲህ ፊደል የተማርኩበት እኔ ነኝ። ሜሮን አታውቅም። መነጽሬ ጠፋ እላታለሁ፣ ሁልጊዜ።

ማክሰኞ፣ 5 ሰ.

ላፕቶፑ አይመቸኝም። በለመድኩት ታብሌት አየሁት። ከሀ እስከ ፐ ሰማሁ። ከጸ ወዲያ ያለውን የቀዳችው ታማ ነው። ፀ ላይ ያስላታል። ይቅርታ ልጆች ትልና ትቀጥላለች። እዚያ ጋ ቆም እላለሁ።

ለሜሮን ደወልኩ። አየሁት፣ ምንም አልጎደለም። ሹር ነህ ወይ አለች። አባትሽ ነኝ አልኳት። ሳቀች። በቃ አርብ ጥዋት አዞረዋለሁ አለች።

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ዳንፎርዝ መንገድ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ጋ ወርጄ በርበሬ ልገዛ ነበር። አውቶቡሱ ቆየ፣ በረዶው ጠና፣ ተመለስኩ። ሥራ ስፈታ ወረቀቷን አነሳሁ። የማውቀው የመጽሐፍ ፊደል ነው፣ የእጅ ጽሕፈት ይከብደኛል። አንድ አንድ እያልኩ ለቀምኩት፣ ሻዬ ቀዘቀዘ። «አባዬ፣ አዲሱ የሚታየው በዚህ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ታብሌቱ አሮጌውን ነው የሚያሳይህ።»

ያየሁት አሮጌውን ነው ለካ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሀ አለ። ለ አለ። እስከ ጰ ደህና። ጸ፣ ስዕሉ አለ፣ ስነካው ዝም። ፀ ዝም። ፈ፣ ፐ፣ ዝም። የጆሮዬ ይሆናል ብዬ ወደ ሀ ተመለስኩ። ጥርት አድርጋ ሀ አለች።

ሐሙስ፣ 10 ሰ.

ነገ ይዘጋል። ከተዘጋ ያ ሳል የትም የለም።

ድምፁ ማክሰኞ ነበረ፣ ዛሬ ጠፋ ልበላት? እንዲያ ካልኳት ሌላ ቦታ ስትፈልግ ቀኑ ያልፋል። እውነቱን ነው። ራሴ እነግራታለሁ፣ ጎረቤት አላስደውልም። ያላየሁትን አየሁ ማለቴን። ወረቀቷን አለማንበቤን። መነጽሬ ጠፍቶ እንደማያውቅ። የሺ ፊደል ላስተምርህ ባለች ቁጥር አንቺ ሴትዮ ተይኝ እንዳልኳት፣ አርባ ዓመት ሙሉ። ይኸኛው እንኳ ይቅር። አይ፣ ይነገራት።

ደወልኩ። አላነሳችም፣ ሥራ ላይ ናት። ደግሜ እደውላለሁ። ካላነሳች ካፖርቴን ደርቤ ሥራዋ ድረስ እሄዳለሁ፣ ላፕቶፑን ከነወረቀቱ ታቅፌ።

ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል