ከትራክተር ጎማ ጎን ሲራመዱ የኖሩት የጋሽ ጆሮ የሕይወት ታሪክ

በሠፈራችን «ጋሽ ጆሮ» በሚል ስም የሚታወቁት መካኒክ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው የእናታቸው የስፌት መኪና ሲያንኳኳ ያለቅሱ፣ ሲጠገን ዝም ይሉ ነበር ይባላል። ይህን የነገሩን ራሳቸው ስለሆኑ ጥቂት ቀንሰን ነው የተቀበልነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩና ለሁለት ዓመት የመካኒክነት ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ በ1966 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ እርሻ ጋራዥ ተቀጠሩ። ድርሻቸው የትራክተር የኋላ ጎማና አክስል ነበር። ረጅም ካቻቢቴ አክስሉ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይገጥሙና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ከሆነ አክስሉ የሚሽከረከርበት ኩሺኔታ፣ ሲታጠፍ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ዲፈረንሻል፣ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ የሚያንኳኳ ከሆነ ጥርሱ የተሰበረ ጊር ወይም የላላ የጎማ ማሰሪያ ዳዶ ነው ይሉ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. የቅርብ ጓደኛቸው የነበሩ ሾፌር «የቀኙ ጎማ ያንኳኳል» ብለው መጡ። ጋሽ ጆሮ ጎማውን በክሪክ አንስተው በእጃቸው አዞሩት፤ ምንም ድምፅ የለም። «ይልቅ ጆሮህን ታይ» ብለው ቀልደው ሸኟቸው። ከመሬት የተነሣ ጎማ ጭነት ስለሌለበት ሕመሙን እንደሚደብቅ ያን ቀን ልብ አላሉም። ከሰዓት በኋላ ጎማው ቁልቁለት ላይ ወልቆ ትራክተሩ ተገለበጠ። ሾፌሩ በሕይወት ተረፉ፤ ግራ እግራቸው ግን ተቆረጠ። ከልብ ይቅር ብለዋቸዋል፤ አሁንም እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። ጋሽ ጆሮ ግን ራሳቸውን ይቅር ማለት አልሆነላቸውም። ፍርሃት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ገብቶ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ አለው የተባለ ትራክተር የተጫነ ተሳቢ ሳይጎትት ጤናውን አይመሰክሩለትም። እየተነዳ እሳቸው ከጎማው ጎን ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸውን አንድ ስንዝር አስጠግተው አብረው ይራመዳሉ። ባለቤታቸው «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ጠቅልሎህ ይሄዳል» እያሉ ሲለምኗቸው ኖረዋል። እኛ ጎረቤቶች ደግሞ «ጋሼ፣ ጎማው ዛሬ ማንን አማልዎት?» ስንላቸው «አንተን ነዋ» ይሉን ነበር። አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሥራ አስቁመው ሲፈትሹ የሚያንኳኳው በጎማው ጥርስ ውስጥ የተሰነቀረ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ዓመት ሙሉ በዚህ ስንቀልድባቸው ከረምን። እሳቸው ግን «ድንጋይ መሆኑንስ ያወቅነው ቆመን ስላየን አይደል?» ብለው አፋችንን ዘጉት።

በ2003 ዓ.ም. ታላቅ ልጃቸው የትራክተር ሾፌር ሆነች። አልከለከሏትም፤ እንቅልፍ ግን አጡ። ጠዋት ጠዋት ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ይሸኟታል። «አባዬ፣ ትራክተር እኮ ነው የምነዳው፣ አውሮፕላን አይደለም» ትላቸዋለች። እሳቸውም «አውሮፕላንማ ቁልቁለት የለበትም» ይሏት ነበር።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። አልጋቸው መንገዱን በሚያሳየው መስኮት ሥር ነበር። ዘንድሮ መጋቢት 2 ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ጭነት እየጎተተች ስታልፍ ከትራሳቸው ቀና ብለው «የግራው ጎማ። አስቁሟት» አሉ። ከአንድ ቀን በፊት ትኩሳቱ በርትቶባቸው ጣሪያው ያንኳኳል ብለውን ስለነበር፣ አጠገባቸው የነበርነው እርስ በርስ ተያየን። ማናችንም አልተነሣንም። ባለቤታቸው ግን በባዶ እግራቸው ወጥተው ሮጡ። ቁልቁለቱ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ደርሰው ትራክተሩ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ እያለከለኩም በጣታቸው ወደ ግራው ጎማ ጠቆሙ።

ልጃቸው «እማዬ፣ ልገጭሽ ነበር እኮ» እያለች ወረደች። ጎማውን ስታይ ከስምንቱ ዳዶ ሦስቱ በጣት ይዞራሉ፤ ጎማው የተገጠመበት ብረት ቸርኬም በአንድ በኩል ተሰንጥቋል። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እናትየውም አጠገቧ።

ቤት ገብታ ስትነግራቸው «ስንት ነበሩ?» አሏት። «ሦስት» አለች። «ሌሎቹንም ለውጫቸው» አሉና እስኪመሽ እጇን ሳይለቁ ቆዩ።

መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ልጃቸው ከሐዘኑ በኋላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ባለቤታቸው ከትናንት ጀምሮ ትራክተር ባለፈ ቁጥር ወሬያቸውን አቋርጠው ወደ መንገዱ ያዳምጣሉ። የኩሺኔታውን ድምፅ ከጊሩ መለየት አይችሉም፤ ያም ሆኖ ያዳምጣሉ።

ፈጣሪ የጋሽ ጆሮን ነፍስ ፍርሃት በማይደርስበት ያኑርልን፤ መንገድ ላይ ያሉትን ልጆቻችንንም እሱ ራሱ ይጠብቅልን።