እሜቴና ሻለቃ በአንድ ቤት

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲሆን የሚያስቸግርህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? ሥራስ፣ ጎረቤትስ፣ አየሩስ ተስማማህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ እግሯ ጠንቶላታል፣ ከዘራዋን ይዛ ትሄዳለች፣ የምግብ ፍላጎቷም ተመልሷል። ይህን ያስቀደምኩት ልብህ እንዲያርፍ ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ተረጋግተህ አንብበው። በስልክ ብነግርህ መሀል ላይ ትገባብኝ ነበር፤ ወረቀት ግን አይቋረጥም።

እንደምታውቀው እማዬ ግቢዋ ውስጥ አዳልጧት ከወደቀች ወዲህ ብቻዋን መኖር እንደማትችል ተነጋግረን ነበር። ዓይኗም እየደከመ ሄዶ አሁን ሰውን የምትለየው በድምፁ ነው። ወደ እኔ ቤት እንድትመጣ ስለምናት አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ "እሜቴን ትቼ አልሄድም" አለች። እሜቴ ማለት አንተ ከሄድክ በኋላ ያሳደገቻት ግራጫ ድመቷ ናት። አረማመዷን ብታይ ስሙ ለምን እንደወጣላት አትጠይቅም። እኔም "ድመት ምን ቦታ ትይዛለች፣ ትምጣ እንጂ" አልኩ። የረሳሁት የባለቤቴን ድመት፣ ሻለቃን ነው። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ከቆመ አውቶቡስ ሞተር ሥር ገና ዓይኑን ሳይገልጥ አግኝቶት፣ ወተት በጠብታ እያጠጣ ያሳደገው ቀይ ወንድ ድመት ነው። እኛ ሻለቃ ዘንድ በደባልነት የምንኖር እንጂ እሱ እኛ ዘንድ የሚኖር አይመስልም።

እማዬ በመጣች ዕለት ያደረግሁት የሞኝ ሥራ ነበር። የስፌት መኪናዬ ባለችበት የፊት ክፍል መሀል ቅርጫቱን አስቀምጬ "ይተዋወቁ" ብዬ ከፈትኩት። ሻለቃ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሆኖ ቁልቁል አያት። ጭራው እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግርህ አልችልም። መጋረጃው ከነዘንጉ ወረደ፣ ቆርጬ የደረደርኩት የተማሪ ዩኒፎርም ተበተነ፣ እሜቴ ከእማዬ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። እማዬ በዚያ እግሯ ወለሉ ላይ ተቀምጣ "ነይ የኔ እናት፣ ነይ" እያለች ትለምናት ጀመር።

አንተ የደወልከው በማግስቱ ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እየሰፋሁ የድመቶቹን ጠብ አነሳሁልህ። "ለአንዲት ድመት ብላችሁ ቤት ታምሳላችሁ? ወስዳችሁ ገበያ ጣሏት፤ እማዬ ወዲያው ትረሳታለች" አልክ። ለእኛ አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬ ግን ከበሩ ኋላ ቆማ ሰምታለች። ክፍሏ ገብታ ልብሶቿን በአንሶላ ቋጠረች፣ ጫማዋን አደረገች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስገባ "ልጄ፣ የቤቴ ቁልፍ እጄ ላይ ነው፤ ታክሲ ጥሪልኝ" አለችኝ። እንዴት ብቻሽን ትኖሪያለሽ ብላት፣ "ብቻዬን አይደለሁም። ጠዋት ጠዋት ፊቴን እየነካካች የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። ካልነቃሁ ትጮሃለች። ሌላ ማን ይጮህልኛል?" አለች።

እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። እማዬ አትሄድም፣ እሜቴ አትጣልም፣ ሻለቃም ከቤቱ አይባረርም። ቋጠሮውን ፍቺው ብዬ አልለመንኳትም። "ትንሽ ጊዜ ስጪኝ" ብቻ አልኳት። እሷም ጫማዋን አወለቀች፤ ቋጠሮው ግን እንደተቋጠረ ቀረ።

በነጋታው ሥራዬን ትቼ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ። አንድ ትልቅ ውሻ እየከተበች ሰማችኝና "የማታውቂውን ሰው ድንገት መኝታ ቤትሽ ቢያስገቡብሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። "እጮሃለሁ" አልኳት። "እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው" አለች። ለድመት ቤት ማለት የራሷ ሽታ ያለበት ቦታ እንደሆነ፣ ጉንጯን ወንበር ላይ ስታሽ ይህ የእኔ ነው ማለቷ እንደሆነ ነገረችኝ። መጀመሪያ ሽታቸው ይተዋወቅ፣ ከዚያ ድምፃቸው፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የሚመጣው በመጨረሻ ነው አለች። ሳህናቸውም፣ የሚጸዳዱበት የአሸዋ ሣጥንም ለየብቻ ይሁን። ጆሮዋን ወደ ኋላ ያጠፈች ድመት አትነካም። ጥርሷን አሳይታ እፍ ስትልም ጠላሁህ ሳይሆን አትቅረበኝ ማለቷ ስለሆነ አትቆጧት አለችኝ። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብላት፣ "እነሱ የፈለጉትን ያህል" ብላ ወደ ውሻው ዞረች።

የእማዬ ክፍል የእሜቴ ክፍል ሆነ፤ በሩም ተዘጋ። እማዬ ይህን ስትሰማ "እሷ ከታሰረች እኔም ታስሬያለሁ" አለችና አልወጣም አለች። ምግቧን እዚያው አመላልሳለሁ። ሻለቃ ደግሞ ከበሩ ፊት ተጋድሞ በሥር ባለው ክፍተት ሲያሸት ይውላል። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ እያየው "በገዛ ቤቱ ዘበኛ አደረጋችሁት" ይላል። እኔ ከስፌት የተረፈ ጨርቅ በእሜቴ ጉንጭ አሻሽቼ ከሻለቃ ሳህን ሥር አነጥፋለሁ፤ የእሱን ደግሞ ለእሷ። መጀመሪያ ሻለቃ ጨርቁን ሲያሸት ምግቡን ጥሎ ሄደ። እኔም አላነሳሁትም። ሲርበው ተመልሶ በላ። ከዚያ ሳህኖቹን ከበሩ ወዲህና ወዲያ አድርጌ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አቀራረብኳቸው።

ሻለቃ የባለቤቴን የሥራ ካፖርት በሽንቱ የረጨ ዕለት ግን ነገር መጣ። ባለቤቴ ካፖርቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። እነዚህ አይታረቁም፤ ከሁለቱ አንዱ ይሂድ" አለ። "ሻለቃን ማለትህ ነው?" አልኩት። ፊቱን ወደ እማዬ በር አዞረ። "እሜቴን ካልክ እናቴም ትሄዳለች፤ እናቴ ከሄደች እኔም እሷ ቤት ማደሬ ነው። እሱ የረጨው ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ቤቱ የእኔ ነው እያለ ነው" አልኩት። ካፖርቱን እንዳንጠለጠለ ቆይቶ "ታዲያ ይህን የሚለው በኔ ካፖርት ላይ ነው?" አለና ሳቁ አመለጠው። በማግስቱ ከጋራዥ የሽቦ መረብ ቆርጦ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ በእማዬ በር ላይ እንደ ሁለተኛ በር ገጠመው። "ይተያዩ፣ ግን አይነካኩ" አለን።

በመረቡ ግራና ቀኝ ሆነው ሲበሉ ሳይ ልቤ አበጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኔ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ጠግበው ተኝተው ሳለ መረቡን ከፈትኩት። ሻለቃ ነቅቶ ገባ፤ ዓይኑን ሳይነቅል አፈጠጠባት። እሜቴ ጥግ ይዛ ነበርና መውጫ አጣች። ተያያዙ። ሐኪሟ አስጠንቅቃኝ ስለነበር እጄን አልከተትኩም፤ ብርድ ልብስ ወርውሬባቸው ሻለቃን ጠቅልዬ አወጣሁት። የእሜቴ ጆሮ ደማ። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሁን እማዬ ቋጠሮዋን ታነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የእሜቴን ጆሮ በጣቷ ዳሰሰች፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች፣ "ጭረት ናት" አለች። ከዚያም "ተነሺ፣ መረቡን ዝጊው። እንደገና ከሳህኑ እንጀምራለን። ከእንግዲህ ግን በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን የያዘችው እማዬ ናት። ወንበሯን መረቡ አጠገብ አድርጋ ታዳምጣለች። እኔ ሁለቱም ሲያጉረመርሙ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ፤ እሷ ግን "ይህ ስድብ ነው፣ እለፊው። ይህ ግን ጠብ ነው፣ ጨርቅ ጋርጂባቸው" ትለኛለች። ለሻለቃ በመረቡ ቀዳዳ ቁራጭ ሥጋ እያቀበለች በስሙ ትጠራዋለች። ባለቤቴም እሜቴ ዳግመኛ ጥግ እንዳትያዝ በግድግዳው ላይ መወጣጫ መደርደሪያ መታላት። መረቡ በእማዬ እጅ ገርበብ አለ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ገርበብ አለ።

ባለፈው ሳምንት መረቡን አወለቅነው። ተዋደዱ ብዬ አልዋሽህም። ሻለቃ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ እሜቴ ከስፌት መኪናዬ ሥር ነው የሚውሉት። ሲተላለፉ እሱ ዓይኑን ቀስ ብሎ ጨፈን ያደርጋል፣ እሷም ፊቷን ዘወር ታደርጋለች፤ ሐኪሟ እንዳለችው ይህ በእነሱ ዘንድ ሰላምታ ነው። አልፎ አልፎ እፍ ይባባላሉ፤ እኛስ ከባለቤቴ ጋር አንባባልም? የሚያስደንቅህ እማዬ ናት። መረቡ በወለቀ ማግስት ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ፊት ክፍል መጣችና "ወንበር የት ነው?" አለች። አሁን ውሎዋ ከእኔ ጋር ነው። አዝራሮችን በጣቷ እየዳበሰች በየመጠናቸው ትለይልኛለች። ደንበኞቼ የሚመጡት ለልብስ ይሁን ለእሷ ጨዋታ መለየት አቅቶኛል። ልብሶቿም ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅለዋል፤ መቼ እንደሰቀለቻቸው አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ጋሼ፣ ታላቅነትህን ሳልዘነጋ አንድ ነገር ልበልህ። "ጣሏት" የሚለውን ቃል በዚህ ቤት ስልክ ሁለተኛ እንዳትናገር። እዚህ ያለነው ሁላችንም ነዋሪዎች ነን፤ ማንም አይወጣም።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ትልቁን ልጅህን ትምህርቱን እንዲያጠብቅ ንገርልኝ፤ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ባለቤቴ ለአንተና ለቤተሰብህ ሰላም ይላል፤ ካፖርቱም ታጥቦ ሊጠራ ምንም አልቀረው። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ "ይህን ጨምሪበት" ብላኛለችና ቃሏን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ "ልጄ፣ ስትመጣ ሻንጣህን በሩ ላይ በቀስታ አስቀምጥ። እሜቴ አታውቅህምና ትሸሻለች፤ አይክፋህ። አታባራት፣ ላንሳት ላቅፋት አትበል። ወለሉ ላይ ቁጭ በልና እጅህን ዝቅ አድርገህ ጠብቅ። ስታሸትህ የኔ ልጅ መሆንህን ታውቃለች።"

አክባሪህ ታናሽ እኅትህ

ከስፌት ክፍሌ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን