የእትዬ ሃያ አራት የሕይወት ታሪክ

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው አክስታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የተወለዱት ብቸኛ ወንድማቸው የእኔ የጸሐፊዋ አባት ናቸው።

ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ሲሆን የፊተኛው ክፍል ግድግዳ ለጥገና በመጡ ሰዓቶች የተሞላ ነበር። ሰዓቶቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ አንዱ ከሌላው ግን አይስማማም። አክስታችን ትምህርት ቤት የሚያረፍዱት በዚህ ምክንያት መሆኑን ለመምህራን ቢያስረዱ ሰሚ አላገኙም። ከዚያ ወዲህ "የማን ሰዓት ነው?" ብለው ሳይጠይቁ የማንንም ሰዓት አምነው አያውቁም። ይህ ጠባያቸው ልጆቻቸውንና እኛን ቢያሰለቸንም ኋላ ለብዙ ሰው ጠቅሟል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1969 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በዚያው ዓመት የተቀጠሩት እናታቸው በሚሠሩበት ሆስፒታል ነው። ላቦራቶሪውንና የልብስ ማጠቢያውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። የምሳ ሰዓት ሲደርስ እናታቸው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ይመቱ እንደነበርና የላቦራቶሪው ሠራተኛ በሙሉ በዚያ ምልክት ለምሳ ይነሣ እንደነበር የዘመኑ ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ።

በ1974 ዓ.ም. የሆስፒታሉን የራጅ ማሽን ሊጠግኑ መጥተው ሳምንት ሙሉ ከቆዩት ቴክኒሻን ጋር ትዳር መሠረቱ። ማሽኑ የተሠራው በሁለተኛው ቀን መሆኑን ባለቤታቸው ያመኑት ከሠርጉ በኋላ ነው። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ታላቋ የሒሳብ መምህርት፣ ታናሿ አናጢ ናት። አክስታችን ሁለቱንም "የእኔ ልጅ የሚለካ ነገር ይዛለች" እያሉ እኩል ይኮሩባቸው ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ሆስፒታሉ የኩላሊት ክሊኒክ ከፍቶ ጥናት ሲጀምር የናሙናው ሥራ ኃላፊ ሆነው ተመደቡ። ያን ጊዜ ከጥቂት ደም ተነሥቶ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚገምት ቀመር ነበር። ቀመሩ የተሠራው ግን ኑሯቸውም አመጋገባቸውም ከእኛ በተለየ፣ ገዘፍ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ለእኛ ሰው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለማወቅ አንድ ሰው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚሸናውን ሁሉ አጠራቅሞ ማስለካት ነበረበት። ስለዚህ አክስታችን ለሰማንያ ሦስት ሰዎች ሰማንያ ሦስት ቢጫ ጀሪካን ከመመሪያ ወረቀት ጋር አደሉ። "ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ፣ አንድም ጠብታ ሳይቀር" የምትለውን ቃል በየቤቱ ስለደጋገሟት ታካሚዎች "እትዬ ሃያ አራት" አሏቸው። ስሙ መጀመሪያ ከነከናቸው፤ በኋላ ስልክ ሲያነሡም ራሳቸውን በእርሱ ማስተዋወቅ ጀመሩ።

ከሰማንያ ሦስቱ መካከል ቁጥር ሠላሳ አንድ ወንድማቸው ነበሩ። አባቴ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ጥናቱ ጤነኛ ሰዎችንም ለማነጻጸሪያ ይፈልግ ስለነበር እህታቸው ለምነው አስገቧቸው። ያን ሰሞን እኛ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከውኃው ጠርሙስ ጎን፣ በእናቴ እጅ "አይጠጣም" ተብሎ የተጻፈበት ጀሪካን ቆሞ እንደነበር አልረሳውም። በሥራ ቦታም የአባቴ ጓደኞች "ባለ ጭማቂው" ብለው ሲሥቁባቸው ከረሙ። ውጤቱ ስልሳ አምስት ሆነ። ከስልሳ በላይ የሆነ ሁሉ ደኅና ይባል ስለነበር አክስታችን ደስ ብሏቸው "ኩላሊትህ የጎረምሳ ነው" አሏቸው። አባቴም አመኑ። ማሽን ላይ ሲያጎነብሱ ለሚያማቸው ወገብ በየቀኑ እንደ ከረሜላ የሚቅሙትን የሕመም ማስታገሻም ቀጠሉ።

በ1990 ዓ.ም. የጥናቱ ሪፖርት ተጽፎ፣ ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር በጉባኤ ሊያቀርቡት ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ አክስታችን የውጤት መዝገቡን ለመጨረሻ ጊዜ ያነቡ ነበር። የአንድ በዕድሜ የገፉ፣ ሰውነታቸው የቀጠነ ልብስ ሰፊ ቁጥር አላምር አላቸው። ጡንቻ የሚያመነጨውና ኩላሊት በሽንት የሚያስወግደው ክሬቲኒን የሚባለው ቆሻሻ ከእኒያ አዛውንት የወጣው ከአንድ ወዛደር የማያንስ ነው። ሌሎቹንም ሲያዩ ብዙዎቹ ልክ እንደዚሁ ከፍ ያሉ ሆነው አገኟቸው። በማግስቱ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደው የዚያን ቀን ያደረጉትን አንድ በአንድ እንዲነግሯቸው ጠየቁ። አዛውንቱም "ልጄ፣ ወረቀትሽ ከእንቅልፍዎ ሲነሡ ይጀምሩ ይላል። ተነሣሁ፣ ጀመርኩ" አሏቸው።

ስህተቱ ይኸው ነበር። ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረ ነውና መደፋት አለበት፤ ሃያ አራቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። መመሪያው ግን ይህን አይልም። ስለዚህ የአንድ ቀን የተባለው የአንድ ቀንና የአንድ ተጨማሪ ሌሊት ሆኖ፣ የደከመውም ኩላሊት ብርቱ መስሎ ተጽፏል። መመሪያውን የጻፉት አክስታችን ራሳቸው ናቸው። የሁሉንም ሰዓት ሲጠራጠሩ ኖረው የራሳቸውን ወረቀት ሳይጠራጠሩ መቅረታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቆጫቸው ነበር።

በዚያው ቀን ለዶክተሩ ተናገሩ። ዶክተሩ ደንግጠው፣ ቁጥሩን ሁሉ ለሃያ አራት ሳይሆን ለሠላሳ ሰዓት በማካፈል ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠየቋቸው። አክስታችን "ማን ስንት ሰዓት እንደተኛ አላውቅም፣ ዶክተር። ለሁሉም ሠላሳ ብዬ ብጽፍ ሁለተኛ ስህተት ይሆንብኛል" አሉ። ዶክተሩ ለሦስት ቀን ሰላም አላሏቸውም። በአራተኛው ቀን ሪፖርቱን ከጉባኤው አውጥተው አዲስ ጀሪካን እንዲገዛ ፈረሙ። ዛሬ ከመካከላችን ያሉት እኒህ ሐኪም፣ በሥራ ዘመናቸው በማንም እንደ እርሳቸው ተናድደው፣ ማንንም እንደ እርሳቸው አመስግነው እንደማያውቁ እንድጽፍ ነግረውኛል።

አክስታችን ወደ ሰማንያ ሦስቱ ሰዎች በር ተመለሱ። ግቡ ከመባላቸው በፊት ደጃፍ ላይ ቆመው "ስህተቱ የእኔ ነው፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ይሉ ነበር። አንዳንዱ ሣቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ። አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ በሩን ፊታቸው ላይ ዘግተው በማግስቱ ራሳቸው ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጀሪካኑን ወሰዱ። በየቤቱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የግድግዳውን ሰዓት ያስተካክሉ ስለነበር፣ በዚያ ዓመት በከተማው ትክክለኛ ሰዓት ያላቸው የኩላሊት ታካሚዎች ብቻ ናቸው ተብሎ ተቀለደ። ሥራው አሥራ አራት ወር ፈጀ።

እምቢ ብለው የቆዩት ቁጥር ሠላሳ አንድ ናቸው። አባቴ "እታለም፣ አንዴ ጎረምሳ ብለሽኛል፤ እንደጎረመስኩ ልቅር" እያሉ ሦስት ጊዜ መለሷቸው። በአራተኛው አክስታችን የዓመት ፈቃድ ወስደው ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ሄዱ። በሩ አጠገብ በተደረደረው የወረቀት እሽግ ላይ ጀሪካኑን ታቅፈው ተቀመጡ። ሠራተኛው በጎናቸው ሲያልፍ ሰላም ይላሉ፤ የመጡበትን ሲጠየቁ ግን "ወንድሜን እየጠበቅሁ ነው" ከማለት በቀር አይናገሩም። ኃላፊው ወንበር ሲያቀርቡላቸው "ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ እንግዳ እሆናለሁ፤ እንግዳ ደግሞ ይሸኛል" ብለው መለሱ። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቋቋሙ። ከዚያ በኋላ በንዴት መጥተው ጀሪካኑን ከእቅፋቸው ነጠቁ።

ሁለተኛው ውጤት ሃምሳ ሁለት ሆነ። አክስታችን ቁጥሩን ባዩ ዕለት ቤታቸው ገብተው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ አልቅሰው እንደነበር ባለቤታቸው ነግረውናል። አባቴን ክሊኒክ ወሰዷቸው፤ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። የሕመም ማስታገሻው በዚያው ቀን ተከለከለ፣ የግፊት መድኃኒት ተጀመረ። ደኅና ናችሁ ተብለው ከተሸኙት ሰዎች መካከል እንደ አባቴ ከስልሳ በታች የተገኙት አሥራ አንድ ነበሩ። ለሁሉም በጊዜ ተደረሰላቸው።

ጥናቱ በ1994 ዓ.ም. ታተመ። ቀመሩ ቀጫጭኖቹን ታካሚዎች ደኅና እያለ ያሳልፋቸው እንደነበር አሳየ። በአክስታችን ጽኑ ጥያቄም የመጀመሪያው ዙር በመመሪያ ስህተት ምክንያት ሙሉ በሙሉ መጣሉን የሚገልጽ አንቀጽ ገባበት። የጻፉት አዲሱ መመሪያም "መጀመሪያ ይድፉ። ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ ይጀምሩ።" የሚል ሲሆን፣ በሆስፒታሉ የመጸዳጃ ቤት በሮች ላይ ዛሬም ተለጥፎ ይገኛል። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ከአርባ በላይ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን አሠልጥነው ነበር። እነዚያን ሁሉ ያስተማሩት የራሳቸውን ስህተት በመተረክ ጀምረው ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሳይሰለቹ አስታመሟቸው፤ እርሳቸውም ለአንድ ብርጭቆ ውኃ ሳይቀር ሳያመሰግኑ አያልፉም ነበር። መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐኪሞቹ የኩላሊታቸውን አቅም ለማወቅ የሃያ አራት ሰዓት ሽንታቸው እንዲጠራቀም አዘዙ። ነርሷ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ስትጀምር "የማን ሰዓት ነው?" ብለው ጠየቋትና ከባለቤታቸው ሰዓት ጋር አስተያዩ። በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አረፉ። የናሙናውን ቅጽ የሞላው የላቦራቶሪ ባለሙያ የእርሳቸው ተማሪ ነው። ግምት አልጨመረበትም። "አሥራ ዘጠኝ ሰዓት፤ አልሞላም" ብሎ ጻፈ። ልጆቻቸው ቅጹን ለምነው ወስደው አስቀምጠውታል።

አክስታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና እኛን የወንድም ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከአሥራ አንዱ ሰዎችም አምስቱ በሕይወት አሉ፤ ትኬት ቆራጯን ጨምሮ አራቱ እዚህ ከእኛ ጋር ቆመዋል። ስላሳደጉን፣ ስለቀለዱብን፣ ስላረሙን፣ ከሁሉም በላይ ተሳስቻለሁ ማለትን ስላሳዩን እናመሰግናቸዋለን። ፈጣሪ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

ይህን ጽሑፍ ለማተም ወደ ማተሚያ ቤት ስወስደው አባቴ አንብበው አንድ ነገር ብቻ እንድጨምር ጠየቁኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በጀሪካኑ ሲቀልዱ ኖረው ፊት ለፊት አልነገሯቸውምና፣ በእርሳቸው ቃል እነሆ፦ "እታለም፣ ያን ቀን ከበሩ ስላልተነሣሽ አመሰግናለሁ።"