የአባዬ መኪና ዘይት ከየት ነው የሚፈሰው?

የካቲት 7 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ጁባ

እኔ ሐያት፣ የእማዬን ፓውደር ግማሹን መስረቄን አንገቴን ደፍቼ አምናለሁ። የሰረቅኩት ለአባዬ ብዬ ነው።

መኪናው ዘይት ማፍሰስ ከጀመረ ሳምንቱ። ጎረቤታችን ጋሽ ሙክታርና አጎቴ ዛሬ ከሥሩ ተኝተው ሲከራከሩ ቆዩና ነገ ሞተሩ ይውረድ ብለው ፈረዱ። አንዱ ጨርቅ፣ ሌላው ስኳር ነው የሚሸጡት! ሞተሩ ከወረደ የሱቃችን ዕቃ የነጭ ዓባይ ወደቡ ላይ መክረሙ ነው። አባዬ በጭንቀት ምሳውንም አልነካ።

ሁሉም ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ሞተሩን አጥቤ አደረቅኩ፤ ፓውደሩን ነስንሼበት አስነሳሁት። ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ወረደ። መነሻው ከላይ ነው፣ ከዘይት መሙያው ክዳን። የክዳኑ ጎማ ሲያልቅ አባዬ ከአሮጌ ነጠላ ጫማው ቆርጦ የገጠመበት ቦታ! «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ከፋብሪካው ይበልጣል» ብሎም ነበር።

ጋሽ ሙክታር ይህን ከሰሙ ዓመት ሙሉ ይስቁበታል። ስለዚህ ለአባዬ ለብቻው ልነግረው ነው። ግን ምን ብዬ ልጀምር? አባዬ፣ ያ ነጠላ ጫማህ…

አባዬ የመኪናውን ኮፈን ሲከፍት ሰማሁ። ፓውደሩን ገና አልጠረግኩትም! አሁን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ሐያት! ነይ እስቲ። ለጋሽ ሙክታር ነግረሻል?»