ስለ ማርክ የመጡ ሽማግሌዎች

ይድረስ ለልጄ ለየትምወርቅ ትዕዛዙ፤

እንኳን ጾሙን በሰላም ተቀበልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያምምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ዮሴፍስ ደኅና ነው? የልጅ ልጄ ሳሌምስ አደገች? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? እኔና እናትሽ ጌታነሽ፣ ከእኔ ጉልበትና ከእሷ ሳል በቀር፣ እስከ ዛሬ ቆመን እንሄዳለን፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ዘንድሮ ባቄላውን አመዳይ መታው፣ ገብሱ ግን ተርፏል። የበልጉን ዝናብ ገና አላየነውም፤ ደመናው ጓሳ ተራራ ላይ ይወጣና እዚያው ይቀራል።

ደክሞኛል፣ ልጄ። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም። ደብዳቤውን ከጀመርሁት ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ እጽፍና እቀደዋለሁ። ስልክ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም፤ ሰው ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ይቋረጣል።

የጎረቤታችን የፈንታ ልጅ ታዲዮስ አንቺ ከምታስተምሪበት ዩኒቨርሲቲ ነው የተመደበው። አንቺ አታውቂውም፤ ከመንዝ ስትወጪ ጡት አልጣለም ነበር። ልጁ የተመደበ ጊዜ ፈንታ፣ እኛ እዚያ ሰው አለን እያለ በሞላሌ ገበያ ሲያወራ ከረመ። አሁን ልጁ አንቺ በምታስተምሪው ሒሳብ ኤፍ አግኝቶ፣ ከሌላው ውጤት ጋር ሲደመር ከትምህርቱ ሊሰናበት ነው ተብሎ መጥቷል።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስሁ ፈንታ ሽማግሌ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ቄስ ኃይለ ኢየሱስ ከፊት ነበሩ። ግቡ ብላቸው፣ እሺ ካላሉን አንገባም አሉ። ሳላውቀው የሰው ደም ያለብኝ መስሎኝ ደነገጥሁ። ለካስ ነገሩ ማርክ ነው። ልጅዎ መምህርት ናት፣ እርስዎ አባቷ ነዎት፣ አንድ ቃል ይጻፉላትና ኤፉን በሲ ትለውጠው አሉኝ። እኔም ማርክ የመሬት ድንበር አይደለም፣ በሽማግሌ አይገፋም አልኋቸው። ፈንታ ተቆጣና፣ አያ ትዕዛዙ፣ ጓሳ እንኳ ተዘግቶ ከርሞ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ የእርስዎ በር መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ግን አላየሁም አለኝ። በሩስ ክፍት ነው፣ አንገባም ያላችሁ እናንተ ናችሁ አልሁት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እናትሽም ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ሰዎቹ ግን ሳይገቡ ሄዱ።

በማግስቱ ታዲዮስን ብቻውን አስጠራሁት። ስንፍናውን ከራሱ አፍ ሰምቼ ልገላገል ነበር ሐሳቤ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። የደጋ ልጅ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞታል። በፈተናው ሰሞን ዘጠኝ ቀን ክሊኒክ ተኝቷል። ማኅተም ያለበት ወረቀቱንም አሳየኝ። ታዲያ ለመምህርትህ ለምን አልሰጠሃትም ብዬ ብጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና፣ እርስዎ አስምለውኝ የለም ወይ አለኝ።

እውነቱን ነው። ጥቅምት ላይ ሊሰናበተኝ ሲመጣ፣ የገብርኤልን ስም አስጠርቼ፣ ከልጄ ቢሮ ደጃፍ እንዳትደርስ፣ የማን ልጅ እንደሆንህም እንዳትነግራት ብዬ አስምዬዋለሁ። ጉርብትና ቆጥሮ እንዳያሳፍርሽ ብዬ ነበር። እሱም አንድ ሳያጎድል ጠበቀ። ታሞ እንኳ ጠበቀ። ጓደኞቹ ወረቀቱን ስጣት ሲሉት አልችልም እያለ የማቅረቢያው ቀን አለፈ። እኔን እንዳያስወቅስ ለአባቱም አልተነፈሰም።

ሌሎቹ ተማሪዎችስ ይጠይቋታል ወይ አልሁት። ይፈሯታል አለኝ። አንዱ እጁን አውጥቶ ቢጠይቅሽ፣ ይህን ባለፈው ሳምንት አስተምሬዋለሁ ብለሽ አስቀመጥሽው አሉ፤ ከዚያ ወዲህ እጁን ያወጣ የለም። አንቺ ደግሞ ለገና በላክሽው ደብዳቤ፣ በአንድ ክፍል መቶ ሃያ ተማሪ እንደምታስተምሪ፣ ፈተና ስታርሚ ወገብሽ እንደሚቆረጥ፣ ለተማሪ በተመደበው ሰዓት ቢሮሽን ከፍተሽ ብትጠብቂ አንድም ሰው እንደማይመጣ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም፣ የዛሬ ልጅ ግድ የለውም ብዬ መለስሁልሽ። ለካስ እነሱም ውጭ ቆመው ኖሯል።

እኔ መምህር ሳይኖረኝ ከአባቴ የሙግት ወረቀት ላይ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ስለተማርሁ፣ መጠየቅ ልመና እየመሰለኝ አረጀሁ። አንቺም ትንሽ ሳለሽ አንድ ነገር ስትጠይቂኝ፣ ራስሽ ድረሽበት እያልሁ እመልስሽ ነበር። ያ ነገር ከእኔ ወደ አንቺ፣ ከአንቺም ወደ እነሱ ሳይሄድ አልቀረም።

ማርኩን ለውጪለት አልልሽም። ብትለውጪው አንገቴን ታስደፊኛለሽ። ወረቀቱን ግን እዪው። ሕጉ ለታመመ ተማሪ ማካካሻ ፈተና የሚፈቅድ ከሆነ፣ የዘገየው በእኔ ጥፋት መሆኑን በዚሁ ደብዳቤ ለአለቆችሽ አስረጂና ይፈተን። ተፈትኖ ቢወድቅ ይውደቅ። ሕጉ የማይፈቅድ ከሆነም በግልጽ ንገሪው።

ለፈንታ ትናንት በአጥሩ በኩል ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት። አልሰደበኝም። ሰምቶ ሲያበቃ ዱላውን አንሥቶ ወደ በጎቹ ሄደ። በበልግ በሬዬን የማቀናጀው ከእሱ ጋር ነበር፤ ዘንድሮ እንጃ። ቄስ ኃይለ ኢየሱስ ልጁን ከመሐላው ፈቱት። ለእኔ ግን ስግደት አዘዙብኝ፣ በዚህ ጉልበት።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ራሱ ታዲዮስ ነው። ሰኞ ከሞላሌ በመኪና ይነሣል። ቢሮሽን ጠይቆ ነው የሚያገኘው፤ ሴሚስተሩን ሙሉ በሕንፃው በሌላው ጎን ሲዞር ነው የከረመው። ይህን ስታነቢ ፊትሽ ቆሞ ይሆናል። ወንበር ስጪው። ቢሳሳትም እስኪጨርስ ስሚው።

ለዮሴፍ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሳሌምን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የምትጠይቅሽንም መልሺላት። እናትሽ ጌታነሽ ናፍቆቷን ነግራ አትጨርሰውም። በልጁ እጅ በሶ ልካልሻለች። ገብሱ የእኛው ነው፤ ማርክ መግዣ እንዳይመስልሽ ከፈንታ ቤት አንድ ፍሬ እንዳይቀላቀልበት ሲፈጭ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። እናትሽ ግን፣ ግማሹ የታዲዮስ ነው፣ ከእሷ ጋር ተቀምጦ ይብላ ብላለች። እኔም እሺ ብያለሁ።

አባትሽ ትዕዛዙ ወሰኔ
መንዝ፣ ሞላሌ
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.